አርባ ሦስት ስጦታ

የሠራተኛው ኮሚቴ ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠኝ፣
"ለሮሽ ሃሻና ነው፣ አደራ" ብሎ አስፈረመኝ።
አርባ ሦስት ሰው ነን በጠርሙስ ፋብሪካው፤
አንዱ ካንዱ እንዳይበልጥ፣ ይኸው ነው ትእዛዛቸው።

ካቻምና ድስት ነበር፣ እጀታው ወር ያልሞላ፣
አምና ደግሞ ፎጣ፣ አንዴ ታጥቦ የሚላላ፤
ሁለቱም በመርከብ መጥተው፣ ባሕር ተሻግረው፣
ከተማችንን ሳያዩ፣ በላስቲክ ተጠቅልለው።

ዘንድሮ ግን አልኩኝ፦ የሩሃም እጅ የላትም ወይ?
አቧራና ወሬ ብቻ ነው የሚመረተው በዚህ በረሃ ላይ?
ባለ ሁለት ጎማ ጋሪዬን እየጎተትኩ
ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ካለችው ሱቅ ጀመርኩ።

ፍሬሃ ዋክኒን ሻማ ትሠራለች፣ በአሮጌ የወተት ባልዲ እያቀለጠች።
"እኔ የምሸጠው ሰም ነው፣ ቀለም አልቀባም" አለች።
አማርኛ አታውቅም። የእኔ ጆሮ ግን ሰም ሲባል
ልማዱ ነው፣ ወዲያው ወርቁን ይፈልጋል።
አውራ ጣቷን አየሁት፣ ትኩስ ሰም የላጠው፤
በዋጋ ልከራከር የተከፈተው አፌ ያኔ ነው የተዘጋው።
ሃያ ጥንድ ብቻ አላት። ሌላ እስክታቀልጥ በዓሉ ያልፋል።

ሽምሾን ታልካር ሳሙናውን በቢላዋ ይቆርጣል፣
አንዱ እንደ ጡብ ይወፍራል፣ አንዱ እንደ ብስኩት ይሳሳል።
"ሚዛን የለህም?" አልኩት።
"ዓይን አለኝ" አለ።
"ዓይንህ ያጋድላል።"
"ለሱ አላስከፍልም" አለ።
አሥራ ሁለት።

አሥራ አንድ ጎደለኝ። ጸሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች።
ወርቂት ሱቅ የላትም፤ ጋራዥ ውስጥ ነው የምትሠራ፣
ከልጇ መኪና ጋር ቦታ እየተጋፋች።
ጥቋቁር የማር ሳህኖች፣ መዳፍ የማይሞሉ፣
ጎማና ዘይት መሃል እንደ ጫጩት የተኮለኮሉ።

"ስምሽን ከሥሩ ጫሪበት" አልኳት። ዝም አለች።
ጭቃ የያዘ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"እናቴ" አለች፣ "እዚያ አገር፣ ማድጋዋን ለገበያ ስትልክ
የማን እጅ እንደሆነ አይነገርም ነበር፣ ገዢው እንዳይሸሽ።
ውኃውን ይቀዱበታል፣ ጠላውን ይጠምቁበታል፣
ሠሪዋን ግን ቡዳ ብለው ፊታቸውን ያዞሩባታል።
ስም ሸክላ ላይ አይወጣም። እኔ ይህን ነው የተማርኩት።"

ሚስማር ከግድግዳው ነቀልኩ። አጠገቧ አስቀመጥኩት።
አልገፋፋኋትም።
ብዙ ቆይታ፣ በአንዱ ላይ ብቻ፣ ከሥሩ፣
አንድ ፊደል ጫረች፦ ወ።
የቀሩትን አሥሩን እንዳሉ ጠቀለልኩ።

በምሳ ሰዓት ሲታደል ፋብሪካው ተናወጠ፤
"እኩል የታለ?" አለ አንዱ፤ አንዱ ሳሙናውን አሽትቶ አላገጠ።
ጌናዲ ተነሣ፦ "ለእኔ ሳሙና? ምን ማለታችሁ ነው?"
ሳቁ እስከ ማሽኖቹ ደረሰ። ገበያው ያኔ ነው የቆመው፦
ሻማ በሳህን፣ ሳህን በሳሙናና በሲጋራ፤
ዓመት ሙሉ የተኳረፉ እንኳ ዋጋ ተከራከሩ በጋራ።
ሾፌራችን ሰልማን ብቻ ሻማውን አልለውጥም አለ፤
"የእኛ የበዱዊኖቹ ሰፈር መብራት አልገባለትም" ብሎ ሳቀ፤
አብሮት የሳቀ ግን የለ።

ወደ ማታ፣ ፈረቃ ሲቀየር፣ የሂሳብ ሹሙ መጣ፣
ሳህኑን ገልብጦ ይዞ።
"እማዋይሽ፣ ይህ ጭረት ምንድን ነው? ጉድለት ከሆነ ይለወጥልኝ።"
"ጉድለት አይደለም" አልኩት።
"ታዲያ ምንድን ነው?"
"ሴትዮዋ ናት።"

አልገባውም። ግን አልመለሰውም።
ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፍቶ፣
መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ፣
የማያውቀውን ፊደል በጣቱ ይከተል ጀመር፣
ማር ገና ሳይገዛ።